ያለ ሬሳ ሙሾ

«ማን ሞቶ ነው?»

የጠየቁት የአከራዬ እናት ናቸው። መመለስ የነበረበት ዳይሬክተራችን ነው። እሱ ወደ ረዳቱ ዞረ። ረዳቱ ስክሪፕቱን ገለባበጠ። ስክሪፕቱም አያውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ ቴሌቪዥን ላይ የአገር ቤት ዜማ በሰማሁ ቁጥር ይቺ ጥያቄ ትመጣብኛለች። እኔ ልተዋት ብል እሷ አልተወኝ አለች።

እኔ የድምፅ ሰው ነኝ። ቡም (ማይክ የታሰረበትን ረጅም ዘንግ) ይዤ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ የምውል። የምኖረው ሱሉልታ ነው። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ገፍቶ ካወጣቸው ሰዎች አንዱ መሆኔ ነው። ጠዋት በአዲሱ ገበያ በኩል እወርዳለሁ፣ ማታ ያንኑ ዳገት ተመልሼ እወጣለሁ። ብርዱን ለኖረበት መንገር አያስፈልግም።

ሱሉልታ መኖር ለእኔ ሥራ አንድ ጥቅም አለው። የቴሌቪዥን ገጠር ያለው እዚህ ነው። ታሪኩ ጎጃም ይሁን ወሎ ወይም ጎንደር፣ ቀረጻው እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል፣ አበል ይቀንሳል፣ ተዋናዮቹም ማታ ቤታቸው ገብተው ያድራሉ። ካሜራው የፋብሪካውን ቆርቆሮ ካላሳየ ማን ያውቃል? (አንዳንዴ ከጎጃሙ ገበሬ ጀርባ የሲኖትራክ ክላክስ ይሰማል። እሱን ማጥፋት የእኔ ፋንታ ነው።)

የዚያን ቀን የሚቀረጸው ቀብር ነበር። ከተማ የገባች ልጅ የአባቷን ሞት ሰምታ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ስክሪፕቱ ላይ «ሙሾ ይሰማል» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ውጪ ምንም የለም። ዳይሬክተሩ ከዩቲዩብ የተቀዳ ሙሾ አልፈልግም አለ። እዚህ ላይ አደንቀዋለሁ። «አካባቢው ላይ አልቃሽ አታውቅም?» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።

የአከራዬን እናት ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ከመንዝ ከመጡ ብዙ ዘመናቸው ነው። ለቅሶ ሲኖር የእድሩ ጥሩንባ ከተነፋ በኋላ መጀመሪያ የሚላከው ወደ እሳቸው ነው። ሙሾ ሲያወርዱ ሰምቻለሁ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ትንሽም ሻከር ይላል። ግን ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን ትቶ ወደ እሳቸው ይዞራል።

ቃሬዛው ላይ ማን ተኝቷል

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር የመጡት። ለቅሶ ነው ስላልናቸው ለለቅሶ ለበሱ። ሜዳው ላይ ቃሬዛ አለ፤ ቃሬዛው ላይ ገለባ የታጨቀበት ጆንያ በቡሉኮ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ዙሪያውን ከሰፈሩ የተሰበሰቡ ኤክስትራዎች ቆመዋል። እማማ ጠጋ ብለው ቡሉኮውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ገለባው ተንኮሻኮሸ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም እማማ፣ ፊልም ነው» አላቸው ዳይሬክተሩ።

«እሱንማ ነገራችሁኝ። በፊልሙ ማን ሞቶ ነው?»

«የልጅቷ አባት።»

«ስም የለውም?»

የለውም። ስክሪፕቱ ላይ የተጻፈው «አባት፣ 60 ዓመት» ነው። በአንዲትም ክፍል አይታይም፣ አይናገርም። የሚፈለገው ሞቱ ብቻ ነው።

እማማ ያለ ሬሳ ሙሾ አላወርድም አሉ። ሟርት ነው። አፍ የጠራውን ሞት ቤት ያገኘዋል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ረዳቱ ሊያግባባቸው ሞከረ፣ ብርም ጨመረ። ብር አልነበረም ጉዳዩ። ትንሽ ካሰቡ በኋላ ራሳቸው መላ አመጡ። ለጆንያው ስም ይውጣለት። ግን በዚህ ሰፈር ማንም የማይጠራበት ስም ይሁን።

«ተስፋዬ እንበለው» አለ አንዱ።

«የእድራችን ሰብሳቢ ነው! ምን አድርጓችሁ ነው?»

«ግርማ?»

«ባለ ወፍጮው አለ።»

እንዲህ ስንል ቆየን። ኤክስትራዎቹም ገቡበት፤ ይሄኛው ያማቴ ስም ነው፣ ያኛው የልጄ ክርስትና አባት ነው እያሉ። በመጨረሻ ደርበው ላይ ተስማማን። ደርበው የሚባል ሰው እዚያ ሰፈር የለም።

ያበቃ መስሎን ነበር። እማማ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጥያቄያቸውን ቀጠሉ። የየት አገር ሰው ነው? አራሽ ነው ወይስ ነጋዴ? በሬው ስንት ነው? ምን ታሞ ሞተ? ከሰው ጋር ተጣልቶ ነበር? ልጁ ስትሄድ መርቆ ነው የሸኛት ወይስ ተኳርፈው? ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሰዓቱን አየ። ኋላ ላይ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። ደራሲው ጋ ተደወለ። ደራሲው በስልክ፣ እማማ በድንጋያቸው ላይ ሆነው ደርበውን እዚያው ወለዱት ማለት ይቻላል። ጎጃሜ ነው፣ አራሽ ነው፣ ልጁ ሳትነግረው ነው የጠፋችው። እሱ ግን አልተቆጣም። በየቅዳሜው መኪና የሚያልፍበት መንገድ ዳር ወጥቶ ይቀመጥ ነበር።

«እንግዲህ ይኼ ሰው ነው» አሉና ተነሡ።

ማዳመጫዬን ደፋሁ። እማማ ቃሬዛውን አንዴ ዞሩትና ጀመሩ፦

*እርፉን ማን ይጨብጥ፣ ሞፈሩ ተኝቷል፤*
*በሬው ያገሣበት፣ ደጃፉ ጭር ብሏል።*

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ተዋናይቷ አዞሩ። ስክሪፕቱ ላይ ይኼ የለም። ዓይኗን እያዩ፦

*ልጄ ትመጣለች፣ እያለ ነበረ፤*
*መንገድ መንገድ ሲያይ፣ በመንገድ ላይ ቀረ።*

ተዋናይቷ የምትለው ነገር ተጽፎላት ነበር። አንድ ገጽ ሙሉ የጸጸት ንግግር። አንዱንም አላለችም። ዝም ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ኤክስትራዎቹ ለደርበው ብለው ጀምረው ወደየራሳቸው ሬሳ ሄዱ፤ እውነተኛ ለቅሶ ቤትም እኮ እንዲሁ ነው። ከኋላ አንዲት ሴትዮ በኦሮምኛ የራሳቸውን ሰው ስም እየጠሩ ማልቀስ ጀመሩ። እማማ ሰሟቸው፤ ዜማውን ቀስ አድርገው ለሴትዮዋ ቦታ ለቀቁላቸው። ሁለቱ እየተቀባበሉ ሄዱ።

«ካት!»

ታሪኩ ጎጃም ነዋ። ጎጃም ውስጥ ኦሮምኛ ምን ይሠራል? አመክንዮው ልክ ነው። ግን በሥራዬ ከቀዳኋቸው ድምፆች ሁሉ እንደዚያ ያለ አላስታውስም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። እኛ ሰርዶውን ከአንድ አገር፣ በሬውን ከሌላ አገር አምጥተን ሱሉልታ ላይ ልናገናኛቸው ስንሞክር፣ የሱሉልታው ሰርዶ እዚያው እግራችን ሥር ነበር።

ዋሽንት ተነፋ፣ ገጠር ገባን

እስቲ ድራማዎቻችንን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሟቸው። ዋሽንት ከተነፋ ገጠር ገብተናል። ክራር በትዝታ ቅኝት ከተመታ አንድ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ ያለፈ ፍቅሩን እያሰበ ነው። ሽለላ ከተሰማ ቀልድ ሊመጣ ነው፤ አንዱ ጠጅ ጠጥቶ ዱላውን ሊነቀንቅ። ማሲንቆ ከሆነ ደግሞ ጠጅ ቤት። ቅኝቱ አራት ነው፤ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም አሉ። ማጀቢያ ላይ ግን ትዝታ ብቻውን የሦስቱን ሥራ ደርቦ ይሠራል።

በገና ላይ የሚደረገውማ ያናድደኛል። በገና አሥር አውታር ያለው የጸሎት መሣሪያ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው በዐቢይ ጾም ሬዲዮና ቴሌቪዥኑ ሲከፍትልን ነው። አሁን ፍቅረኛው ጥላው የሄደች ጎረምሳ ሁሉ በበገና ይታጀባል። አንዴ ደግሞ አንድ ጀማሪ ኤዲተር የበገናውን ዝዝታ ኖይዝ መስሎት ሊያጠፋው ሲታገል ደረስኩበት። ዝዝታው እኮ የሚመጣው በየአውታሩ ሥር ከሚገባው ትንሽ ቆዳ ነው፤ እንዚራ ይባላል። እሱን ካጠፋህ የቀረህ ጊታር ነው። ልጁን አልፈረድኩበትም። በገና ሲደረደር አጠገቡ ተቀምጦ አያውቅም፤ የሚያውቀው በፋይል ነው።

ነገሩ በቴሌቪዥን አልተጀመረም። ዘፈኑ ከደጅ ወደ መድረክ መውጣት የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። አገር ፍቅር በ1927 ተመሠረተ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ግብፅ ተወልዶ ያደገው የሙዚቃ ሰው ሃሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ፤ ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ዋሽንቱ፣ በገናው አንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። በየአገራቸው አብረው የማይውሉ መሣሪያዎች ናቸው። ይኼ ትልቅ ሥራ ነበር፤ እነዚያ ሰዎች ባይኖሩ ብዙ ነገር በጠፋ። ቴሌቪዥናችን በ1957 ሥራ ሲጀምር ያገኘው ይኼንን በመድረክ የተሰናዳ የባህል ሙዚቃ ነው። ድራማውም ከዚያው ወረሰ። ችግሩ መድረክ ላይ መውጣቱ አይደለም። መድረኩ ላይ ዘፋኙ ይታያል፣ ግጥሙም ይሰማል። ማጀቢያ ሲሆን ግን ዘፋኙም ግጥሙም ቀርቶ ዜማው ብቻ እንደ ጭስ ከኋላ ይቀራል።

የአገር ቤት ዘፈን ሥራ አለው። እሹሩሩ ሕፃን ያስተኛል። የአጨዳ ዘፈን ደቦውን እኩል ያስኬዳል። የወፍጮዋ እንጉርጉሮ እጅ ያበረታል፤ በዚያውም ለአማት በፊት ለፊት የማይባለው ይባልባታል። ሆያ ሆዬ ሙልሙል ያስገኛል፣ ሙልሙል የነፈገውንም ያሳፍራል። ሰው የሚዘፍነው ለሆነ ሰው ነው፣ የሆነ ነገር ፈልጎ። ለፊልም ጸሐፊ ከዚህ በላይ ምን ስጦታ አለ? አንድ ትዕይንት የሚያስፈልገው እኮ ይኼው ነው፤ የሚፈልግ ሰው፣ የሚፈለግበት ሰው፣ በመሀል የሚባል ነገር።

አዝማሪ ቤትን ውሰዱ። ደንበኛው «ተቀበል» ይላል፣ ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪው በዜማ ይመልሰዋል። ሁለት የተጣሉ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አንድም ቀጥተኛ ቃል ሳይለዋወጡ፣ በአዝማሪው አፍ ሲሰዳደቡ ማምሸት ይችላሉ። ሰሙን ሁሉም ይስቅበታል፣ ወርቁ የሚወጋው አንዱን ብቻ ነው። ይኼንን የያዘ አገር ለምን አዝማሪውን ከተዋናዮቹ ጀርባ አቁሞ ድምፁን ይቀንስበታል? ድራማ ላይ አዝማሪ ባየሁ ቁጥር ተዋናዮቹ ጮክ ብለው ሌላ ወሬ እያወሩ ነው።

ከባዕድ ፊልም አንድ ምሳሌ ላምጣ። በ2005 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የወጣው የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ አለ። የሙላቱ ጃዝ ነው እንጂ የአገር ቤት ዘፈን አይደለም፤ እዚያ ላይ አንምታታ። እኔን የገረመኝ አገባቡ ነው። ዋናው ሰውዬ ጎረቤቱ ኢትዮጵያዊ ነው። ይኼ ጎረቤት ለመንገድህ ብሎ ሙዚቃ የተቀዳበት ሲዲ ይሰጠዋል። ሰውዬውም መኪናው ውስጥ ይከፍተዋል። በቃ። ዜማው ሰጪ አለው፣ ተቀባይ አለው፣ ምክንያት አለው። ስለዚህ በሰማነው ቁጥር ያ ነገረኛ ጎረቤት አብሮ መኪናው ውስጥ ያለ ይመስላል። እኛ ለራሳችን ዜማ ይኼን ያህል ቦታ ስንሰጥ ብዙም አላይም።

ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ

የእማማን ሙሾ ንጹሕ አድርጌ አስረከብኩ። ኤዲቲንግ ላይ ፕሮዲውሰሩ መጣ። አዳመጠ። «በጣም ከበደ» አለ። ተመልካች ማታ ከእራት በኋላ ነው የሚያየው፤ ሙሾ ሲሰማ ቻናል ይቀይራል። የፕሮዲውሰር ስጋት ነው፣ አልንቀውም፤ ደሞዛችን ከእሱ ነው። መፍትሔው ግን የሚገርም ነበር። የእማማ ድምፅ ዝቅ ይበል፣ ላዩ ላይ በኪቦርድ የተሠራ ዋሽንት ይግባ።

ተከራከርኩ። የኪቦርዱ ዋሽንት ቁልፉ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚረግጠው። እማማ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄዱ ተንሸራተው ነው፤ ልቅሶው ያለው መንሸራተቱ ውስጥ ነው። ሁለቱ ሲደረቡ እማማ ከቅኝት የወጡ ይመስላሉ። ደግሞ ግጥሙ ካልተሰማ ተዋናይቷ ለምን መሬት ላይ እንደተቀመጠች አይገባም። ዳይሬክተሩ ከእኔ ጋር ቆመ። ፕሮዲውሰሩም ግማሽ መንገድ መጣ። «መንገድ መንገድ ሲያይ» የሚለው ቤት ብቻ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ተፈቀደ፣ ሌላው ዋሽንት ተደረበበት። ኦሮምኛው ሙሉ በሙሉ ወጣ። እሱን እኔ ጋ አስቀምጬዋለሁ።

ክፍሉ ሲተላለፍ አከራዬ ቤት ተሰብስበን አየነው። እማማ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ ጨረሱት። ሲያልቅ ያሉት ስለ ድምፃቸው አልነበረም።

«የደርበውን አርባ ማን አወጣለት?»

ልጆቻቸው ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

አሞሌው የማን ነው?

ሌላም ያልተዋጠልኝ ነገር አለ። እማማ የተከፈላቸው የኤክስትራ ሒሳብ ነው። ስማቸው መጨረሻ ላይ «ለትብብራቸው እናመሰግናለን» ከሚለው ሥር፣ ሜዳውን ካከራየን ሰውዬ ቀጥሎ ገብቷል። ግጥሙን እዚያው የፈጠሩት እሳቸው ናቸው። ዜማው የአገር ነው፣ ግጥሙ የእሳቸው። ግጥም ጽፎ ቢሮ ያመጣ ሰው ቢሆን ኖሮ ውል ይፈረምለት ነበር። በቃል ስለሆነ ብቻ ትብብር ተባለ።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት መብት ይሰጣል። ከዋኝም (የሚዘፍነው፣ የሚጫወተው)፣ ድምፅ ያስቀረጸም የየራሳቸው መብት አላቸው። ደራሲው የማይታወቅ፣ ከእናት ለልጅ የመጣ ዜማ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም ሰው ትከሻውን ይነቀንቃል። «የሕዝብ ነው» ይባላል። የሕዝብ ነው ማለት ደግሞ በተግባር ቀድሞ የደረሰ ይውሰደው ማለት ሆኗል።

ዩቲዩብ ላይ ይኼ ነገር አስቂኝ ቅርጽ ይይዛል። አንድ ወዳጄ የሰፈር ልጆች በር በር እየዞሩ አበባየሆይ ሲሉ ቀረጸና አጭር ፊልሙ ውስጥ አስገባው። ጫነው። ብዙም ሳይቆይ የባለቤትነት ጥያቄ መጣበት። አንዱ አሳታሚ ያንኑ ዜማ በኪቦርድ አሠርቶ አስመዝግቦታል፤ የዩቲዩቡ ማመሳሰያ ደግሞ ዜማ እንጂ ታሪክ አያውቅም። ወዳጄ ተቃውሞ አስገባ። ልጆቹን ማን ፈቀደላቸው ሊባል ነው እንግዲህ? እንቁጣጣሽ?

በዚህ ላይ አሳታሚውን ብቻ መውቀስ ይከብደኛል። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። እኛ የፊልም ሰዎች ነን እማማን ከሜዳ አከራዩ ሥር የጻፍናቸው። ክሬዲት ላይ «ሙሾ፦ ግጥምና ድምፅ» ብሎ ስም መጻፍ አንድ ብር አያስወጣም። ዜማው ከየት አገር እንደሆነ መጻፍም እንዲሁ። ይኼንን ለዳይሬክተሩ ነገርኩት፤ የሚቀጥለው ሥራ ላይ ይስተካከላል አለ። ለእማማ ተጨማሪ ክፍያም ጠየቅኩ። እሱ ገና እየተጠየቀ ነው።

የሚቀጥለው ሥራ ሰርግ ነው፣ ለገጣፎ አካባቢ። ስክሪፕቱ ደርሶኛል። «የሰርግ ዘፈን ይሰማል፣ ሁሉም ይጨፍራል» ይላል። የሙሽራው እናት ልጅቷን እንደማትወዳት ከዚያ በፊት ባሉት ክፍሎች ሁሉ ተነግሮናል። ሰርግ ላይ ደግሞ የወንድ ወገንና የሴት ወገን በዘፈን መነካካት ያለ ነገር ነው። ሁለት ሴትዮዎች በግጥም ቢሞካከሩ የዚያ ክፍል ግማሹ ንግግር አያስፈልግም። ደራሲው ጋ ደወልኩና የሙሽሪት ወገን ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና «ለድምፅ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። አስረዳሁት። ነገ እንገናኛለን፤ አንዲት የሰርግ ዘፋኝ አብራኝ ትመጣለች፣ ቡናውን እሱ ይከፍላል።